«ይጣራል» የምትባለው ቃል፦ ቀዩን ጭቃ ከአሉሚና የሚለዩ ፖሊመሮች



በኬሚስትሪ መጻሕፍት ስለ አሉሚኒየም አመራረት የተጻፈውን ምዕራፍ ስናነብ አንዲት አጭር ቃል ቶሎ እናልፋለን። ቦክሳይቱ ይፈጫል፣ በኮስቲክ ሶዳ ይቀቀላል፣ ከዚያም «ይጣራል»፣ በመጨረሻም ነጩ አሉሚና ይገኛል ይባላል። ፈጭቶ፣ ቀቅሎ፣ አጥርቶ፤ በቃ! ዕጩ መምህሩ ይህንኑ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪውም ይገለብጣል፣ ፈተናም ላይ መልሶ ይጽፈዋል።

እንግዲህ አንድ ንቁ ተማሪ እጁን አውጥቶ እንዲህ ቢል ምን እንመልስለታለን? «መምህር፣ አሉሚኒየም ከመሬት ቅርፊት 8 በመቶ ያህሉን ይይዛል ብለውናል። ታዲያ ከግቢያችን አፈር ውስጥ ለምን አናወጣውም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በቀመር ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ችግሩ አሉሚኒየሙን ማግኘቱ ላይ ሳይሆን ከሌላው ነገር መለየቱ ላይ ነው። ከመለየቱም ሥራ ውስጥ አስቸጋሪ ከሆኑት አንዱ በዚያች «ይጣራል» በምትባለው ቃል ሥር ተሸፍኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ቃሏን ገልጠን በውስጧ ያለውን እንመለከታለን።

የባየር ዘዴ በአጭሩ

ቦክሳይት የሚባለው ድንጋይ ስሙን ያገኘው በደቡብ ፈረንሳይ ሌ ቦ ከምትባል መንደር ሲሆን፣ እዚያ መገኘቱን የገለጸው ፒየር ቤርትዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1821 ነበር። ቦክሳይት ቀላ ያለ አፈር መሳይ ድንጋይ ነው። በውስጡ የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ አለ፤ ግን ብቻውን አይደለም። የብረት ኦክሳይድ፣ ሲሊካ፣ የታይታኒየም ኦክሳይድና ሌሎችም ተቀላቅለውበታል።

ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል ዮሴፍ ባየር በሩሲያ አገር ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 እና በ1892 እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ዘዴ ያስገኙ ሁለት ግኝቶች ላይ ደረሰ። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ አሉሚና የሚፈለገው ለብረቱ ብቻ አልነበረም። በጥጥ ጨርቅ ላይ ቀለም እንዲጸና ለሚያደርጉ የማቅለሚያ ፋብሪካዎችም ያስፈልግ ነበር።

የዘዴው መሠረት ይህ ነው። የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ከአሲድም ከቤዝም ጋር ይዋሃዳል። ስለዚህ የተፈጨው ቦክሳይት በጋለ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ በግፊት ሲቀቀል አሉሚኒየሙ ሟሙቶ ወደ ፈሳሹ ይገባል። የሙቀቱ መጠን እንደ ቦክሳይቱ ዓይነት ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስከ 270 ገደማ ይደርሳል። የብረት ኦክሳይዱና የታይታኒየሙ ኦክሳይድ ግን አይሟሙም፤ ደቃቅ ሆነው በፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ። ከሲሊካው ከፊሉ ሟሙቶ ከሶዳውና ከአሉሚናው ጋር ተዋህዶ እንደገና ጠጣር ይሆናል። ይህ ሁሉ የማይሟማ ነገር ተሰብስቦ «ቀይ ጭቃ» ይባላል። ቀለሙን የሰጠው የብረቱ ኦክሳይድ ነው።

ጭቃው ከተለየ በኋላ ጥሩ የሆነው ፈሳሽ ይቀዘቅዝና ጥቂት የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ደቃቅ ቅንጣት ይጨመርበታል። ይህ ልክ ለእንጀራ ሊጥ እርሾ እንደ መጨመር ነው፤ ከበፊቱ ምርት ተቀንሶ የተያዘው ለአዲሱ መነሻ ይሆናል። ነጩ ሃይድሮክሳይድም በእርሾው ዙሪያ እየተጋገረ ይወርዳል። ይህ ከ1000 ዲግሪ በማያንስ እሳት ሲቃጠል ውሃው ወጥቶ አሉሚና የተባለው ነጭ ዱቄት ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው እ.ኤ.አ. በ1886 ሆል በአሜሪካ፣ ኤሩ በፈረንሳይ ለየብቻቸው ያገኙት የኤሌክትሪክ ዘዴ ነው።

የአፍሪካ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። በምዕራብ አፍሪካ የምትገኘው ጊኒ እጅግ ብዙ ቦክሳይት ያላት አገር ስትሆን፣ የአህጉራችን የመጀመሪያው የአሉሚና ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው በዚያው በጊኒ፣ ፍሪያ በምትባል ከተማ ነው።

ጭቃው ምን ያህል ነው?

በጥቅሉ 1 ቶን አሉሚኒየም ለማግኘት 2 ቶን ያህል አሉሚና ያስፈልጋል፤ ለዚያም ከ4 ቶን የማያንስ ቦክሳይት ይፈጫል። ከእያንዳንዱ ቶን አሉሚና ጋር የሚወጣው ቀይ ጭቃ እንደ ድንጋዩ ጥራት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከ1 ቶን እስከ 1 ቶን ተኩል ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ ከምርቱ ይልቅ ቆሻሻው ይበልጣል ማለት ነው። በዓለም ላይ በያመቱ የሚመረተው አሉሚና ከ130 ሚሊዮን ቶን በላይ መሆኑን ስናስብ የጭቃውን ብዛት መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ይህን ሁሉ በጨርቅ ወይም በወንፊት ማጣራት አይቻልምን? ጭቃው ብዙ ከመሆኑም በላይ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ የማጣሪያውን ጨርቅ ወዲያው ይደፍነዋል። በመሆኑም ፋብሪካው መጀመሪያ የሚያደርገው የጠላ ጠማቂዋ የምታደርገውን ነው፤ አተላው እስኪዘቅጥ መጠበቅ፣ ከዚያም ከላይ የጠለለውን መቅዳት። ልዩነቱ ጋኑ ላይ ነው። የአሉሚና ፋብሪካ «ጋን» ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ30 ሜትር የሚበልጥ ክብ ገንዳ ሲሆን፣ በውስጡ በዝግታ የሚዞር መጥረጊያ አለው። መጥረጊያው የዘቀጠውን ጭቃ ወደ መሐል እየሰበሰበ በታች በኩል ያስወጣል፤ የጠለለው ፈሳሽ ደግሞ በገንዳው ከንፈር በኩል ይፈስሳል።

ጊዜ የለም

ጠላ ጠማቂዋ መታገሥ ትችላለች፤ ፋብሪካው ግን አይችልም። ለምን ቢሉ፣ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው አሉሚና ብዙ ነው። ፈሳሹ ከቆየና ከቀዘቀዘ አሉሚናው ያለ ቦታው፣ በጭቃው መካከል ጠጣር መሆን ይጀምራል። እንዲያ ከሆነ ከጭቃው ጋር ተጠርጎ ይጣላል። ስለዚህ ማዝቀጡ የሚካሄደው ፈሳሹ 100 ዲግሪ አካባቢ ላይ እያለ ነው፤ በሰዓታት ውስጥም ማለቅ አለበት።

አሁን የፊዚክስ ትምህርታችንን እናስታውስ። የስቶክስ ሕግ እንደሚለው በፈሳሽ ውስጥ የሚወርድ ትንሽ ሉል ፍጥነት በሁለት ነገሮች ያድጋል፤ በሉሉና በፈሳሹ መካከል ባለው የእፍጋት ልዩነት እና በሉሉ ስፋት ስኩዌር። «ስኩዌር» የሚለውን ልብ በሉ። ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በቁጥር እንሞክረው። የጭቃው ቅንጣት ስፋት 1 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ይሁን። ከፈሳሹ ጋር ያለው የእፍጋት ልዩነት በአንድ ሜትር ኩብ 2000 ኪሎግራም፣ የፈሳሹ ዝልግልግነትም ከተራ ውሃ ጋር ተቀራራቢ ነው እንበል። ሒሳቡን ስንሠራው ቅንጣቱ በአንድ ሰዓት የሚወርደው 4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። 5 ሜትር ለመውረድ ከ50 ቀን በላይ ይፈጅበታል! ማን ይጠብቀዋል?

እንግዲህ ብዙ ሺሕ ቅንጣቶች ተሰባስበው 100 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው አንድ ጓል ሠሩ እንበል። ጓሉ በውስጡ ፈሳሽ ስለሚይዝ የእፍጋት ልዩነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ እንበል። ስፋቱ 100 ጊዜ አደገ፤ ስኩዌሩ 10,000 ነው፤ ለ10 ሲካፈል 1,000 ይሆናል። ስለዚህ ፍጥነቱ 1,000 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከ50 ቀን በላይ የነበረው አሁን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሥራው ሁሉ እንግዲህ ደቃቆቹን ማሰባሰብ ሆኖ ተገኘ።

ለምን ራሳቸው አይሰባሰቡም?

በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ያሉ የጭቃ ቅንጣቶች ገጻቸው ኔጌቲቭ ሙል አለው። አንድ ዓይነት ሙል ያላቸው ነገሮች እንደሚገፋፉ እናውቃለን። በእርግጥ ፈሳሹ በሶዲየም አዮን የተሞላ ስለሆነ መገፋፋቱ በአጭር ርቀት ይወሰናል። ቢሆንም ደቃቆቹ በራሳቸው ተሰባስበው ፋብሪካው የሚፈልገውን ያህል ትልቅና ጠንካራ ጓል አይሠሩም። አንድ የሚያያይዛቸው ነገር ያስፈልጋል።

ያ ነገር ፍሎኩላንት ይባላል። ቃሉ ፍሎኩስ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የሱፍ ባዘቶ ማለት ነው። በእርግጥም በብርጭቆ ውስጥ ሲታይ የሚፈጠረው ጓል የተባዘተ ጥጥ ይመስላል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ እኛም ጓሉን «ባዘቶ» ብለን ብንጠራው ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል። ባዘቶውን የሚያያይዘው ፈትል ደግሞ ፖሊመር ነው።

ፖሊመር ማለት አንድ ዓይነት ትንሽ ሞለኪውል በብዛት እየተቀጣጠለ የሠራው ረጅም ሰንሰለት ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች ፌስታልን እንዲያስቡ ማድረግ ይጠቅማል። ፌስታሉም ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ ግን ውሃ ውስጥ አይሟማም። የእኛ ፍሎኩላንት አከርካሪውም የካርቦን ሰንሰለት ነው። ሆኖም በጎን በጎኑ ውሃ ወዳድ ቡድኖች ተንጠልጥለውበታል፤ ስለዚህ ይሟማል። አከርካሪው አንድ ሆኖ ሳለ በጎኑ የተንጠለጠለው ጸባዩን ሁሉ ለወጠው።

ርዝመቱንም እንገምት። ሶዲየም አክሪሌት የተባለው መቀጠያ የሞለኪውል ክብደቱ 94 ነው። የፖሊመሩ ጠቅላላ ክብደት 10 ሚሊዮን ቢሆን በአንዱ ሰንሰለት ላይ ከ106,000 በላይ መቀጠያ አለ ማለት ነው። እያንዳንዱ ለርዝመቱ የናኖሜትር ሩብ ያህል ቢጨምር፣ ሰንሰለቱ ተወጥሮ ቢለካ 26 ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል። ከጭቃው ቅንጣት በብዙ እጥፍ ይረዝማል! በፈሳሹ ውስጥ በእርግጥ ተጠቅልሎ እንጂ ተወጥሮ አይገኝም። ቢሆንም በአንድ ጫፉ አንዱን ቅንጣት፣ በሌላው ሌላውን ለመያዝ ይበቃል። ይህ አያያዝ በሳይንሱ ቋንቋ «ድልድይ መሥራት» ይባላል።

ከስታርች ወደ አክሪሌት

መጀመሪያ ፋብሪካዎች የተጠቀሙት በኩሽና የምናውቀውን ነገር ነበር፤ ስታርችን። የበቆሎ፣ የድንች ወይም የስንዴ ስታርች በሶዳ ተቀቅሎ ይጨመር ነበር። ስታርችም ፖሊመር ነው፤ የግሉኮስ ሰንሰለት። ፈሳሹን በደንብ ያጠራል፤ ግን አዘቃቀጡ ቀርፋፋ ነው። በዚያም ላይ ለአንድ ቶን ጭቃ በኪሎግራም የሚቆጠር ስታርች ይፈልጋል። በጋለው ሶዳ ውስጥም ይፈራርስና የካርቦን ውህዶች ሆኖ በፈሳሹ ውስጥ ይከማቻል። ፈሳሹ ደግሞ እየዞረ ደጋግሞ የሚሠራበት ስለሆነ ክምችቱ የነጩን ሃይድሮክሳይድ አወራረድ ያውካል።

ቀጥሎ በሰው የተሠሩ ፖሊመሮች መጡ። ፖሊአክሪሌትና የአክሪሌት-አክሪላማይድ ቅልቅል ሰንሰለቶች ስታርቹን እያስለቀቁ ሄዱ። መጠናቸው ትንሽ ነው፤ ለአንድ ቶን ጭቃ በኪሎግራም ሳይሆን በግራም ይለካል። ባዘቶው ትልቅ ስለሚሆን በፍጥነት ይወርዳል። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበራቸው። ባዘቶው ሲሮጥ አንዳንድ ደቃቆችን ጥሎ ይሄዳል፤ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ስታርቹ እንደሚያደርገው ጥርት አይልም። ስለዚህ አያሌ ፋብሪካዎች ሁለቱን አብረው ይጠቀሙ ነበር፤ አንዱን ለፍጥነት፣ ሌላውን ለጥራት።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሃይድሮክሳሜት የሚባል ቡድን የተንጠለጠለበት ፖሊአክሪላማይድ ወጣ። ሃይድሮክሳሜት ብረትን አጥብቆ የመያዝ ጸባይ አለው፤ የቀይ ጭቃው ትልቁ ክፍል ደግሞ የብረት ኦክሳይድ ነው። በመሆኑም ደቃቁን እንኳ ሳይተው ይሰበስባል። ይህ በተለይ ጎታይት የተባለ የብረት ማዕድን ለበዛባቸው ቦክሳይቶች፣ ለምሳሌ ለአንዳንድ የጃማይካ ቦክሳይቶች፣ ትልቅ እፎይታ ነበር። የእነዚህ ጭቃ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ለማዝቀጥ ያስቸግራልና።

ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ጋር እንዴት?

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ዕጩ መምህር ያቋርጠናል። «ቅንጣቱም ኔጌቲቭ፣ አክሪሌቱም ኔጌቲቭ ነው። መገፋፋት ሲገባቸው እንዴት ይያያዛሉ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ፈሳሹ በሶዲየም አዮን የተጥለቀለቀ ነው። ፖዘቲቭ ሙል ያላቸው እነዚህ አዮኖች በቅንጣቱና በሰንሰለቱ ዙሪያ ተሰብስበው መገፋፋቱን ይጋርዳሉ፤ ሁለቱን በመካከል ሆነው የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ሃይድሮክሳሜቱን የመሰለ ቡድን ከብረቱ ጋር የሚያደርገው ትስስር ኬሚካዊ ነው፤ በሙል መሳሳብ ላይ ብቻ አይመካም።

ከዚህም አንድ ተግባራዊ ትምህርት ይገኛል። ሶዳው ብዙ በሆነበት በመጀመሪያው ገንዳ ሙሉ በሙሉ አክሪሌት የሆነው ፖሊመር በደንብ ይሠራል። ጭቃው እየታጠበ ሶዳው እየቀነሰ ሲሄድ ግን ጋራጆቹ አዮኖችም ይቀንሳሉ። ስለዚህ በኋለኞቹ ገንዳዎች ሙሉ የሌለበት አክሪላማይድ በርከት ያለበት ሰንሰለት ይመረጣል። አንድ መድኃኒት ለሁሉም በሽታ አይሆንም።

የእጥበቱ ጉዞ

የዘቀጠው ጭቃ ወዲያው አይጣልም፤ በመካከሉ ብዙ ሶዳና አሉሚና ይዟል። ስለዚህ በተከታታይ በተደረደሩ ገንዳዎች ይታጠባል። አሠራሩ ብልኃት አለበት። ንጹሑ ውሃ የሚገባው በመጨረሻው ገንዳ ነው፤ ከዚያ ወደ ፊተኛው ይሄዳል። ጭቃው ደግሞ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ይጓዛል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይተላለፋሉ። እናቶች ልብስ ሲያለቀልቁ መጨረሻ ያለቀለቁበትን ጠራ ያለ ውሃ ለሚቀጥለው ልብስ የመጀመሪያ እጥበት እንደሚያውሉት ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ጥቂት ውሃ ብዙ ሶዳ ያስመልሳል። ግን በእያንዳንዱ ገንዳ ጭቃው እንደገና ስለሚበጠበጥ በእያንዳንዱም እንደገና መዝቀጥ አለበት፤ ፖሊመርም እንደገና ይጨመራል።

ከመጀመሪያው ገንዳ ከላይ የሚፈስሰው ፈሳሽ ደግሞ ገና ጥቂት ደቃቅ ስላለበት በማጣሪያ ያልፋል። እዚህ ነው «ይጣራል» የምትባለው ቃል በእውነት የምትሠራው። ማዝቀጡ ካልተሳካ ማጣሪያው ይደፈናል፣ ሥራው ይቆማል። ብረቱ አምልጦ ካለፈም ነጩ ዱቄት ይበከላል።

ፖሊመሩም አያያዝ ይፈልጋል

ሹሮ በፈላ ውሃ ላይ ባንድ ጊዜ ብትደፋ ምን ይሆናል? ይጓጉላል፤ ውጭው ይረጥባል፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። የፖሊመሩ ዱቄትም እንዲሁ ነው። በጥቂት በጥቂቱ እየተበተነ ውሃው እየተንቀሳቀሰ መጨመር አለበት፤ ከዚያም ሰንሰለቱ እስኪፈታ በዝግታ እየተማሰለ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊትም እጅግ ይቀጥናል።

ግን ማማሰሉ ከበዛ ወይም በኃይለኛ ፓምፕ ከተገፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የተበጠሰ ፈትል በእጅ ይቀጠላል፤ የተበጠሰ ፖሊመር ግን አይቀጠልም። ያጠረ ሰንሰለት ደግሞ ድልድይ መሆን አይችልም። የበዛ መጠንም አይጠቅምም። ቅንጣቱ ሁሉ በፖሊመር ከተሸፈነ የሌላው ሰንሰለት የሚያርፍበት ባዶ ቦታ አያገኝም፤ ጭቃውም ከመጠን በላይ ተጣብቆ መጥረጊያውን ያስጨንቀዋል።

ጥንቃቄውንም እንጨምር። ፖሊአክሪላማይድ ራሱ ያን ያህል አደገኛ አይደለም፤ የሚሠራበት አክሪላማይድ ግን ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ነው። ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ በአንድ ሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ እንዳይገኝ መመሪያ ያወጣው። ወለል ላይ የፈሰሰ የፖሊመር ብጥብጥም እንደ እንቁላል ነጭ ያዳልጣል፤ ሰው ይጥላል።

ፖሊመሩ የማይፈታው ችግር

ማዝቀጥ ማለት ማጥፋት አይደለም። ጭቃው ከፈሳሹ ተለየ እንጂ አልጠፋም፤ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። ይህን ያልተገነዘበ ትምህርት ግማሽ ትምህርት ነው።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2010 በሃንጋሪ አገር፣ አይካ በምትባል ከተማ አጠገብ የቀይ ጭቃ ማጠራቀሚያ ግድግዳ ተደረመሰ። ሶዳ የበዛበት ጭቃ ኮሎንታርና ዴቬቸር የተባሉትን መንደሮች አጥለቀለቀ። 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከ100 በላይ የሚሆኑ ቆሰሉ፤ ብዙዎቹም ሰውነታቸው በሶዳ ተቃጥሎ ነበር። ማርሳል በተባለው ወንዝ ውስጥ የነበረው ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አለቀ።

ግድግዳውን ፖሊመር አልጣለውም። ነገር ግን የጭቃው ውፍረት ከማዝቀጡ ሥራ ጋር ይያያዛል። ቀጭን ሆኖ የተጠራቀመ ጭቃ ግድቡ ሲፈርስ እንደ ጎርፍ ይሮጣል። ጥሩ ፖሊመርና ጥልቅ ገንዳ ተጠቅሞ እንደ ገንፎ እስኪሆን የተጠጠረ፣ ከዚያም በማጣሪያ ተጨምቆ የደረቀ ጭቃ ግን እንደዚያ አይሮጥም። ቦታም ይቆጥባል፣ ሶዳውም ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ከአደጋው በኋላ የአይካው ፋብሪካ ወደ ደረቅ አከማቸት ተሸጋግሯል። ዛሬ በብዙ አገሮች ያለው ዝንባሌም ወደዚሁ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ጭቃ የማያመጣ አሉሚኒየምም አለ። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው ያረጀ ድስት ነው! አሮጌውን አሉሚኒየም መልሶ ማቅለጥ አዲሱን ለማምረት ከሚያስፈልገው ኃይል 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ይፈልጋል፤ ቀይ ጭቃም አይጨምርም።

በክፍል ውስጥ እንዴት እናሳየው?

ኮስቲክ ሶዳ ዓይንና ቆዳ የሚያቃጥል ስለሆነ የባየርን ዘዴ በክፍል ውስጥ መሞከር አይገባም። የማዝቀጡን ሐሳብ ግን በተራ ውሃ ማሳየት ይቻላል። የሚያስፈልጉት አንድ ሊትር የሚይዙ ሦስት ጥርት ያሉ ጠርሙሶች፣ ቀይ አፈር፣ ጥቂት አሉምና አንድ የሺፈራው ዘር ናቸው።

አፈሩን በባልዲ ውሃ በጥብጡ። ሻካራው እስኪወርድ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁና ከላይ ያለውን ድፍርስ ውሃ በሦስቱ ጠርሙሶች እኩል አካፍሉ። በመጀመሪያው ምንም አትጨምሩ። ለሁለተኛው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አሉም በአንድ ብርጭቆ ውሃ አሟሙና ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። ለሦስተኛው፣ የሺፈራውን ዘር ልጣጩን አውጥታችሁ ውስጡን ውቀጡ፣ በጥቂት ውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ አጥልሉና ጨምሩ። ሦስቱንም አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ 10 ደቂቃ ደግሞ በዝግታ አማስሉ፤ ከዚያ አስቀምጡ። ተማሪዎች በየ10 ደቂቃው የጠለለውን ክፍል በማስመሪያ እየለኩ ይመዝግቡ፤ ግራፍም ይሥሩ።

የሺፈራው ዘር በውስጡ ያለው ፕሮቲን ውሃ ውስጥ የሚሟማ ፖሊመር ነው። ሆኖም ከአክሪሌቱ ይለያል፤ ሰንሰለቱ አጭር፣ ሙሉም ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ዋና ሥራው የቅንጣቶቹን ኔጌቲቭ ሙል ማብረድ ነው። አሉሙም በዚሁ መንገድ ይጀምርና በሚፈጥረው ሃይድሮክሳይድ ደቃቁን ጠርጎ ይወርዳል። ድልድይ የሚሠራው ረጅሙ ፖሊመር ግን ሌላ መንገድ አለው። ይህን ልዩነት ተማሪው ከያዘ ትልቅ ነገር ያዘ ማለት ነው።

ባዘቶው ከወረደ በኋላ ጠርሙሱን በኃይል ናጡት። ባዘቶው ይበታተናል፤ ውሃው እንደገና ይደፈርሳል። ፋብሪካው ፓምፑን ለምን እንደሚጠነቀቅ ያን ጊዜ ያለ ገለጻ ይገባል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለን። የጠለለ ውሃ ሁሉ ከጀርም የነጻ አይደለምና ለመጠጥ እንዳትጠቀሙበት።

ለማጠቃለል

ውሃ ለማጥራት የሚያገለግለው የአሉሚኒየም ሰልፌት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና ከሰልፈሪክ አሲድ ነው። ሃይድሮክሳይዱ ደግሞ ከቀይ ጭቃው ተለይቶ የመጣ ነው። ፖሊመሩ ያጠራው ምርት ተመልሶ የሌላውን ሰው ውሃ ያጠራል ማለት ነው።

እንግዲህ ዕጩ መምህራን ሆይ፣ በመጽሐፍ ውስጥ «ይጣራል»፣ «ይለያል»፣ «ይወገዳል» የሚሉ ቃላት ስታገኙ ቶሎ አትለፏቸው። እንዴት? በምን? በስንት ጊዜ? የተወገደውስ የት ሄደ? ብላችሁ ጠይቁ። አሠልጣኝ መምህራንም ይህን ሙከራ በየክፍላችሁ አድርጋችሁ ያገኛችሁትን መዝገብ ብታመጡልን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፈን እናወዳድረዋለን። የየአካባቢው አፈር የተለያየ ስለሆነ ውጤቱም ይለያያል፤ የሚያስተምረውም እሱ ነው።